ቅጠሉን ገልብጡት፦ ስለ ፈርንና ዘመዶቹ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከጅማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች የደረሱን ጥያቄዎች በብዛት ስለ ፈርን፣ ማለትም አበባና ዘር ስለሌለው ቅጠላማ ተክል ናቸው። አብዛኞቹ ፎቶ ተያይዞባቸዋል፤ ፎቶዎቹ ግን የቅጠሉን ፊት ብቻ ያሳያሉ። የፈርን መታወቂያ ያለው ጀርባው ላይና እግሩ ሥር ነው። መልሶቻችን ደጋግመው ወደዚያው ቢወስዷችሁ አትታዘቡን።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ ያንጠለጠልኩት ፈርን የቅጠሉ ጀርባ በቡናማ ነጠብጣብ ተሞላ። ጎረቤቴ «የቡና ዝገት ተላልፎበት ነው፣ ነቅለሽ ጣይው» ትለኛለች። ልጣለው ወይ? (አንባቢ፣ ጅማ ከተማ)

መልስ፦ አይጣሉት። የቡና ቅጠል ዝገትን የሚያመጣው ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ የተባለ ፈንገስ ነው፤ እሱ ከቡና ወደ ፈርን አይሻገርም። እርስዎ ያዩት ሶረስ የሚባለውን ነው። ሶረስ ማለት ስፖር (በዘር ፈንታ የሚያራባ ደቃቅ ዱቄት) የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ክምር ነው። ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው በዚህ ስፖር ነው።

ሶረስን ከበሽታ የሚለየው ሥርዓቱ ነው። የእርስዎ ተክል ኔፍሮሌፒስ ነው። የዚህ ሶረስ በእያንዳንዱ ንኡስ ቅጠል ላይ ከመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ረድፍ ሠርቶ፣ ርቀቱን ጠብቆ ይሰለፋል። እያንዳንዱ ነጥብ የኩላሊት ቅርጽ ያለው ስስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ በለጋነቱ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ከረጢቶቹ ሲበስሉ ቡናማ ይሆናል። ዝገት ግን ሰልፍ አያውቅም። ቡና ቅጠል ላይ እንደሚታወቀው ብርቱካናማ ዱቄት ሆኖ እዚህም እዚያም ይፈሳል።

ይልቅ የሚያሰጋው ሳይሴሺያ ኮፊዬ የሚባለው ቅርፊት ለበስ ነፍሳት ነው። ቡናንም የቤት ፈርንንም ይወዳል፤ ቡናማ፣ ጉብ ያለ፣ የምስር ፍሬ የማያክል ነው። ጥፍርዎን ከጎኑ አስገብተው ሲፈነቅሉት ሙሉውን ተነስቶ ይወጣል። ሶረስ ሲፋቅ ግን ዱቄት ይሆናል። ነፍሳቱ በቅጠሉ ዘንግም ላይ ይጣበቃል፣ ሶረስ ደግሞ ዘንግ ላይ አይወጣም። ቅጠሉ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነና ጉንዳን የሚመላለስበት ከሆነ ነፍሳቱ ገብቷል ማለት ነው። በጣም የተጠቁትን ቅጠሎች ቆርጠው ያስወግዱ፣ የቀሩትን በለስላሳ ጨርቅና በቀጭን የሳሙና ውሃ ጠርገው በንጹህ ውሃ ያለቅልቁ። ዘይትነት ያለው መድኃኒት አይርጩ፤ የፈርን ቅጠል ስስ ስለሆነ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የማስተምርበት መጽሐፍ ፈርንን፣ ሊኮፖድንና ኢኩይሴተምን «ቴሪዶፋይታ» ብሎ በአንድ ያስቀምጣል። ተማሪዎቼ ደግሞ ከኢንተርኔት ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ። የትኛው ነው ትክክል? (የባዮሎጂ መምህር፣ አጋሮ)

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ይዘው የመጡት አዲሱን ነው። የድሮው ምድብ «ስፖር አለው፣ ዘር የለውም» በሚል አንድ መመዘኛ የተሰባሰበ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረ መል ጥናት ኢኩይሴተም ከፈርኖች ጋር እንደሚወለድ፣ ፈርኖችም በዝምድና ከሊኮፖዶች ይልቅ ለባለ ዘር እፅዋት እንደሚቀርቡ አሳየ። ሊኮፖዶች ከሁሉም ቀድመው የተለዩ ቅርንጫፍ ናቸው። የዘርፉ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምደባ ይህንኑ ተከትሎ ሁለት ክፍሎችን ያስቀምጣል፦ ሊኮፖዲዮፕሲዳ 1,338 ዝርያ፣ ፖሊፖዲዮፕሲዳ 10,578 ዝርያ። በድምሩ 14 ክፍለ መደብ፣ 51 ቤተሰብ፣ 337 ወገን ይሆናሉ። ቁጥሩ አዳዲስ ዝርያ በተገኘ ቁጥር ይሻሻላል፤ ክፍፍሉ ግን ጸንቷል።

ክፍል ውስጥ ግን ከስሙ በፊት ቅጠሉን ያስይዟቸው። የሊኮፖድ ቅጠል ትንሽ ነው፣ በመሃሉ ቅርንጫፍ የሌለው አንድ ጅማት ብቻ ያልፋል፤ የስፖር ከረጢቱም በቅጠሉና በግንዱ መገናኛ ብብት ላይ አንድ ብቻውን ይቀመጣል። የፈርን ቅጠል ጅማቱ ይከፋፈላል፣ ከረጢቶቹ በቅጠሉ ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ናቸው፣ ለጋው ቅጠልም በአብዛኛው ተጠቅልሎ ይወጣል።

በጅማ ዙሪያ እርጥብ ጥላ ያለበት የደን ወለል ላይ ተነጥፎ የሚገኘው ሴላጂኔላ ክራውሲያና ለማስተማሪያ ጥሩ ነው። ተማሪዎች ሞስ ነው ይላሉ። በማጉያ ሲታይ ቅጠሎቹ በአራት ረድፍ ናቸው፤ ሁለቱ የጎን ረድፎች ትልልቅ፣ ሁለቱ ከላይ የተለጠፉት ትንንሽ ናቸው። ሞስ እንዲህ ያለ አሰላለፍም፣ ውሃ አመላላሽ ጅማት ያለው ግንድም፣ እውነተኛ ሥርም የለውም። ከዛፍ ላይ እንደ ጭራ የሚንጠለጠሉት ሁፐርዚያዎች ደግሞ ቅጠላቸው ሁሉ በዙሪያው ይበቅላል፣ ሁለት ዓይነት መጠን የለውም።

ኢኩይሴተም ራሞሲሲመም በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ይፈለጋል። ግንዱ ባዶና ሸንተረራም ነው፣ ሲነካ ይሻክራል፤ ቅጠሎቹ በየአንጓው ዙሪያ ተጣብቀው ጥርስ ያለው እጅጌ ይሠራሉ። ጫፉ ላይ ያለውን ኮን (ስፖር የሚይዘውን ጉብታ) አራግፈው ስፖሩን በማይክሮስኮፕ ሥር ያሳዩና ቀስ ብለው ይተንፍሱበት። አረንጓዴው ስፖር ላይ ያሉት አራት ክንዶች በእርጥበቱ ይጠቀለላሉ፣ ሲደርቁ ይዘረጋሉ። ስፖሩ ዕድሜው አጭር ስለሆነ በዚያው ሰሞን የተለቀመ ይሁን። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን አዞላንም «አልጌ» እያሉ የሚያልፉት አሉ፤ እሱ ፈርን ነው፣ ቅጠሉ ውስጥ ደግሞ ናይትሮጅን የሚያጠምድ ሳያኖባክቴሪያ ይኖራል።

ጥያቄ፦ የቡናዬ ጥላ ዛፎች፣ የቡናው ግንድ ሳይቀር፣ በፈርን ተሸፍኗል። ምግቡን ይወስድበታል ይሉኛል፤ እውነት ነው? ዓይነታቸውንስ በምን ልለይ? (ቡና አምራች፣ ጎማ)

መልስ፦ ምግብ አይወስዱበትም። ሥራቸው የዛፉን ቅርፊት ጨብጦ ይይዛል እንጂ እንጨቱ ውስጥ አይዘልቅም፤ ውሃቸውን ከዝናብና ከጉም፣ ማዕድናቸውን ከተጠራቀመ ብስባሽ ያገኛሉ። እውነተኛውን ጥገኛ ካሉ ተቀጽላ ነው፤ እሱ ሥሩን እንጨቱ ውስጥ ሰዶ ይመጣል። ከፈርን ጋር የሚመጣው ጣጣ የክብደት ነው፤ ያረጀ የዋንዛ ወይም የሰሳ ቅርንጫፍ ላይ ያረፈ የድሪናሪያ (ትልቅ የዛፍ ላይ ፈርን) ክምር ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ከሥሩ ያለ ቡና ላይ ሊወድቅም ይችላል። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ ያስቆርጡ። የቡናው ግንድ ላይ ያለው ግን ጉንደላ ሲደረግ አብሮ ይወገዳል፤ ለብቻው ሲፍቁ ቅርፊቱን ማቁሰል አያስፈልግም።

ወደ ዓይነቱ ስንመጣ ድሪናሪያ ቮልኬንሲን ማንም አይስተውም። ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው። አንደኛው አጭር፣ ቡናማ፣ ደረቅ ወረቀት የመሰለ ሲሆን እንደ ቅርጫት ከግንዱ ጋር ተጠግቶ የሚረግፍ ቅጠልና አቧራ ያጠራቅማል፤ ሁለተኛው ረጅም አረንጓዴ፣ እስከ መሃሉ ተጠግቶ የተሰነጠቀ ነው። ሶረሱ ክብ ነው፣ ሽፋን የለውም። ቡናማውን ቅጠል «ደርቋል» ብለው የሚያነሱት አሉ፤ የተክሉን ጎተራ ነው የሚያፈርሱት።

ከዚያ ያልተከፋፈለ፣ ጥብጣብ የመሰለ ቅጠል ያላቸው አሉ፤ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ከፊት ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ገልብጠው ግን ይለያዩአቸው። ሎክሶግራሜ አቢሲኒካ ቅጠሉ ወፍራምና ሥጋማ ነው፣ የጎን ጅማቱ አይታይም፤ ሶረሱ ከመሃል ጅማቱ ወደ ጠርዝ ያዘነበለ ረጅም መስመር ሲሆን በአብዛኛው በላይኛው የቅጠሉ ክፍል ይቀራል። ሌፒሶረስ ኤክስካቫተስ ክብ ሶረስ አለው፣ በመሃል ጅማቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ረድፍ፤ ሶረሱ ስለሚጎደጉድ በቅጠሉ ፊት ላይ በጣት የሚዳሰስ ጉብታ ይተዋል። ፕሌዮፔልቲስ ማክሮካርፓም ረድፉ እንዲሁ ነው፣ ነገር ግን ቅጠሉ ቆዳማ ሆኖ ጀርባው ላይ ከመሃሉ የተሰኩ ትንንሽ ክብ ገለፈቶች ተበታትነውበታል፤ ለማየት 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ያሻል። የአንዱ ለም (ስፖር የሚያፈራ) ቅጠል ጀርባ ጨርሶ ነጥብም መስመርም ሳይለይ ዳር እስከ ዳር በከረጢት ከተሸፈነ ኤላፎግሎሰም ነው።

ቅጠላቸው የተከፋፈለው አብዛኞቹ አስፕሌኒየም ናቸው። ሶረሱ ጅማቱን ተከትሎ የሚሄድ አጭር ሰረዝ ነው፣ በአንድ በኩል የተሰፋ ስስ መጋረጃ አለው። ማረጋገጫው ግን እግሩ ላይ ነው፦ ከቅጠሉ ዘንግ ግርጌ አንድ ገለፈት በመርፌ አንሱና በብርሃን አንጻር በ20 እጥፍ እዩት። የአስፕሌኒየም ገለፈት ጥቁር ፍሬምና ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ያለው መስኮት ይመስላል። ይህ ምልክት ቅጠሉ የቱንም ያህል ቢለዋወጥ አይለወጥም። አስፕሌኒየም ቴሲፈረም ለምሳሌ ሶረሱን በቅጠሉ ጫፎች ላይ እንደ ኪስ አድርጎ ስለሚይዝ ዳቫሊያ የተባለው ሌላ ፈርን ነው ብለው የሚሄዱ አሉ፤ መስኮታማው ገለፈት ይመልሳቸዋል። አስፕሌኒየም ሳንደርሶኒ የቅጠሉ ጫፍ አጠገብ ቡቃያ ያወጣል፣ ቡቃያው ቅርፊት ሲነካ ሥር ይሰዳል። አስፕሌኒየም ኤትዮፒኩም ንኡስ ቅጠሎቹ እንደ ማራገቢያ ጫፋቸው ሰፍቶ ጥርስ ያወጣል፤ መጠኑ ከዛፍ ዛፍ በጣም ስለሚለያይ በቁመቱ ብቻ አይፍረዱ።

ጥያቄ፦ ወደ ገራ ስንሄድ ወንዝ ዳር ግንድ ያለው ፈርን አየን። ጓደኛዬ ዘምባባ ነው አለ። ችግኙን አምጥተን ግቢ ብንተክልስ? (የአትክልት ሠራተኛ፣ ጅማ)

መልስ፦ ዘምባባ ቅጠሉ አንዴ ብቻ ነው የሚከፋፈለው፣ ከታች ያሉት ንኡስ ቅጠሎቹ ወደ እሾህ ይለወጣሉ፣ አበባና ፍሬ ያፈራል፣ ከሥሩም ቁጥቋጦ ሆኖ ይበዛል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች በወንዝ ዳር የሚታወቀው የዛፍ ፈርን ሲያቴያ ማኒያና ነው፦ ቅጠሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፋፈላል፣ ለጋው ተጠቅልሎ ይወጣል፣ የቅጠሉ ዘንግ እሾሃም ነው፣ በጀርባው ክብ ሶረስ አለ። ሌላ የሚያደናግርም አለ። ማራቲያ ፍራክሲኒያ ቅጠሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ የቆመ ግንድ ግን የለውም። በቅጠሉ ዘንግ ግርጌ ግራና ቀኝ ሁለት ወፍራም ጆሮዎች አሉት፤ ከረጢቶቹም በየግላቸው ሳይሆን ተጣብቀው ታንኳ የመሰለ አንድ አካል ይሠራሉ። እሾህ ካለ ሲያቴያ፣ ጆሮ ካለ ማራቲያ።

ስለ ችግኙ፦ ከደን አይንቀሉት። ወጣቱ ተክል ሥሩ ሲነካ በቀላሉ ይሞታል፤ የተረፈውም የወንዝ ዳሩን የማያቋርጥ እርጥበት ግቢ ውስጥ አያገኝም። የሲያቴያ ዝርያዎች በሙሉ የዱር እንስሳትና እፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት አባሪ 2 ውስጥ ስለሚገኙ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር መላክም አይቻልም።

ጥያቄ፦ ግጦሻችንን ፈርን ወረረው። ብናቃጥለውም ይመለሳል። ከብት ቢበላው ይጎዳል? (አርሶ አደር፣ ደዶ)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ከገለጹልን ሁኔታ ቴሪዲየም፣ ማለትም ብራከን ይመስላል፤ ከመወሰንዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይመልከቱ። ቅጠሉ በዘለላ ሳይሆን አንድ አንድ ሆኖ ተራርቆ ከመሬት ይወጣል? ሲቆፍሩ ወደ ጎን የሚሄድ ጥቁር የመሬት ውስጥ ግንድ አለ? ግንዱ ላይ ያለው ገለፈት ሳይሆን ፀጉር ነው? ሦስቱም ካሉ፣ ቅጠሉም ቆዳማና ሦስት ማዕዘን ከሆነ፣ እሱ ነው። ሶረሱ በተጠቀለለው የቅጠሉ ጠርዝ ሥር ያልተቋረጠ መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ አያወጣም፣ ስለዚህ ስላጡት አይጠራጠሩ። ሃይፖሌፒስም ፀጉራም የመሬት ውስጥ ግንድ ስላለው ያሳስታል፣ ግን ቅጠሉ ለስላሳ ነው፣ ሶረሱም በየፊናው የተነጠለ ነጥብ ነው። በዘለላ የሚወጣውና እግሩ በገለፈት የተሸፈነው ድሪዮፕተሪስ ደግሞ ግጦሽ አይወርም።

ብራከን አዎን፣ ይጎዳል። ታኪሎሳይድ የሚባል መርዝ አለው፤ ለረጅም ጊዜ የበላ ከብት ሽንቱ ደም ይሆናል፣ የፊኛ ዕጢም ያወጣል። መርዙ በወተት ውስጥም ያልፋል። ፈረስና በቅሎን ደግሞ ቫይታሚን ቢ 1ን በሚያፈርሰው ኢንዛይሙ ያጠቃቸዋል። ድርቆሽ ውስጥ ገብቶ ቢደርቅም ከጉዳት አይነጻም። ለጋው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከብት ወደዚያ የሚዞረው ሣር ሲያልቅ ስለሆነ በጋ ላይ ይጠንቀቁ።

እሳት የማያጠፋው የመሬት ውስጥ ግንዱን ስለማይደርስበት ነው፤ ተፎካካሪውን አቃጥሎ ሜዳውን ያስረክበዋል። የሚያዳክመው ቅጠሉ ተዘርግቶ ሳይጨርስ በዓመት ሁለቴ ማጨድ ነው፣ ለተከታታይ ዓመታት። ያን ጊዜ ግንዱ ያጠራቀመውን ስንቅ ይጨርሳል። አንድ ዓመት አጭደው ቢተዉት ድካሙ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ ከበለጠ ደን ፈርን እየሰበሰብኩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎቼ ሻገቱ፣ አንዳንዶቹንም አማካሪዬ «አይለዩም» ብለው መለሱልኝ። (የእፅዋት ሳይንስ ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ የላክሽልንን ፎቶ አየን፤ ቅጠሉን ከወገቡ ነው የቆረጥሽው። እንደዚያ ያለውን ማንም አይለየውም። ከእያንዳንዱ ተክል ሙሉ ለም ቅጠል እስከ ዘንጉ ግርጌ፣ ቢለያይ መካኑንም ቅጠል፣ ገለፈቱ ያልተፋቀ ቁራጭ የመሬት ውስጥ ግንድም ውሰጂ። ብርቅ የሆነውን ግን ከሥሩ አትንቀይ፤ አንድ ቅጠልና ጥቂት ገለፈት በኤንቨሎፕ ይበቃል። መነሻሽ ግን ደኑን ከሚያስተዳድረው አካል የምታገኚው ፈቃድ ነው።

የናሙና ወረቀት ወደ 28 በ42 ሴ.ሜ. ነው። ረዘም ያለውን ቅጠል በV ወይም በN ቅርጽ እጠፊው፤ አንዱን ንኡስ ቅጠል ገልብጠሽ ጀርባው እንዲታይ አድርጊ፣ ሲደርቅ መገልበጥ አይቻልምና። የዛፍ ፈርንን ግርጌ፣ መካከልና ጫፍ ለየብቻ ያዢ፣ ጠቅላላ ርዝመቱንም ለክተሽ ጻፊ።

ሻጋታው የመጣው ክረምት ላይ ናሙናው የተጫነበትን ጋዜጣ ስላልቀየርሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለልሽ ቀይሪ፤ በየጥቂቱ ናሙና መካከል ሸንተረራም ካርቶን አስገቢ፣ አየር በሸንተረሩ እንዲያልፍ። ከሥሩ አምፖል ያለው ሳጥን ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን። ከዚያ ካለፈ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ከረጢቶቹም ፈነዳድተው ባዶ ይቀራሉ። እንደ ሃይሜኖፊለም ያለ፣ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ያለው ቅጠል በደቂቃዎች ስለሚጨማደድ እዚያው ደን ውስጥ ጋዜጣ ላይ አስተኚው። ደርቆ ሲያበቃ ተባይ እንዳይበላው በታሸገ ፕላስቲክ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አንድ ሳምንት ማቆየት የተለመደ ነው።

መለያ ወረቀቱ ላይ ቦታና ከፍታ ሁሉም ይጽፋል። የሚዘነጋው ተክሉ የበቀለበት ነገር ነው፦ አፈር፣ ድንጋይ ወይስ ዛፍ፤ ዛፍ ከሆነ የምን ዛፍና በስንት ሜትር ላይ። ሲደርቅ የሚጠፋ ቀለምንም ትኩስ እንዳለ መዝግቢ።

ለመለየት የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ 1ኛ ቅጽ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ፈርኖችንና ሊኮፖዶችን ይዟል። ከ2016ቱ ምደባ በፊት ስለወጣ ስሞቹ ከአዲሶቹ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ሲያቴያ ማኒያናን አልሶፊላ ማኒያና፣ ቼይላንተስ ፋሪኖሳን አሊዩሪቶፕተሪስ ፋሪኖሳ ሆነው ብታገኚያቸው ተክሎቹ ያው ናቸው። ሁለቱንም ስም ጻፊ። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ እፅዋት ማከማቻ) ካሉት ናሙናዎች ጋር አመሳክሪ።

በአጭሩ

«በሰርግ እቅፍ አበባ ላይ የሚጨመረው ላባ የመሰለው ፈርን ምን ይባላል?» ፈርን አይደለም። አስፓራገስ ሴታሲየስ ነው፣ በኦሮምኛ ሰሪቲ የሚባለው ተክል ዘመድ። ትንንሽ ነጭ አበባና ክብ ፍሬ ያወጣል፣ ግንዱም ላይ እሾህ አለው።

«ቅጠሉ ላይ ምንም ሶረስ አላገኘሁም፤ መካን ነው?» ምናልባት ገና ለጋ ነው። በክረምት የወጣ ቅጠል ከረጢቱ የሚበስለው ዘግይቶ ስለሆነ ያረጁትን የታች ቅጠሎች እዩ። አንዳንዱ ደግሞ ለሙን ቅጠል ለብቻው ስለሚያወጣ ከዘለላው መሃል ቀጥ ብሎ የቆመ ጠባብ ቅጠል ፈልጉ።

«የስልክ መተግበሪያ ይለየዋል?» ወገኑን አንዳንዴ ያገኛል፣ ዝርያውን ግን አትመኑት፤ ፊት ለፊት የተነሳ የቅጠል ፎቶ ብቻ ከሰጣችሁት ደግሞ ይገምታል። ሙሉውን ተክል ከነበቀለበት፣ የቅጠሉን ጀርባ ሶረሱ እስኪለይ ቀርባችሁ፣ የዘንጉን ግርጌ ከነገለፈቱ፣ ለጋውን ጥቅልል፣ በጎኑም ማስመሪያ ወይም አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጣችሁ አንሱ። ወደ እኛም ስትልኩ እነዚሁኑ ላኩ።